ኮምፒዩተሩን በቅርጫ

ለቅበላ በሬ በቅርጫ ያልገዛ ሰው በሰፈራችን የለም። ኮምፒዩተር በቅርጫ የገዛ ግን ከእኔ በቀር አልተሰማም። ወሬው ከእኛው ከቁስቋም ተነሥቶ አሁን አራዳ ደርሷል፤ በደረሰበት ሁሉ አንድ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ትናንት አንዷ መንገድ ላይ አቁማኝ፣ "ኮምፒዩተሩን በመጥረቢያ ፈለጡት አሉ፣ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መጥረቢያ አልነበረም። የነበረው ቢላ ነው፤ እሱም ለእንጨቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከባለጉዳይዋ ከእኔ ስሙት።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ በላይ ያልሄድኩት ትምህርቱ እንቢ ብሎኝ ሳይሆን ከመምህሩ ጋር በዳቦ ተጣልተን ነው። ዳቦ ሲታደል ለወንዶቹ ወፈር ያለውን፣ ለሴቶቹ ሳሳ ያለውን ሲሰጥ አየሁና ብድግ ብዬ፣ "ምነው፣ የእኛ ሆድ ከእነሱ ያንሳል እንዴ?" አልኩት። "ወላጅ ይዘሽ ነይ" አለኝ። አባቴን ይዤ መጣሁ። አባቴ ዳቦዎቹን አገላብጦ አየና ከእኔ ጋር ወገነ። ከዚያ ወዲያ ቤተሰባችንና ትምህርት ቤቱ ተራራቁ።

በሰፈሩ "እማማ ሚዛን" ነው የሚሉኝ። ለሽሙጥ ያወጡልኝ ስም ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ይዤዋለሁ። የቅርጫ ቀን ቢላውን የሚይዙት ጎረቤታችን አያ ታደለ ናቸው። እኔ የምይዘው ዓይኔን ነው። መደቦቹ ሲደረደሩ በዙሪያቸው እየዞርኩ እቆጣጠራለሁ። ጉበቱ ለሁሉም፣ ጨጓራው ለሁሉም፣ ሻኛው ለሁሉም፣ ጎድኑ ለሁሉም። አንደኛው መደብ ላይ ጮማ በርከት ካለ ዕጣ አይጣልም፤ አለቀ። አንድ ዓመት በአንዲት የምላስ ቁራጭ ምክንያት ሰውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አቁሜ ስከራከር አያ ታደለ፣ "ኧረ እቴ፣ ሥጋው እኮ እዚሁ ሊበስል ነው" አሉኝ። "ይብሰል፤ ብቻ እኩል ይብሰል" አልኳቸው።

ይህን የምነግራችሁ በኮምፒዩተሩ ላይ የደረሰው ነገር ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ነው።

ከእኔ ጋር የሚኖሩ ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ማኅሌትና ታናሽ ወንድሟ ብሩክ። እናታቸው ባሕር ዳር ትሠራለች። ማኅሌት ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የቆየች ልጅ ናት። ሙያዋ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። የተቀረጸውን ቆርጣ፣ ቀጥላ፣ ዘፈን አልብሳ፣ ስትበላ የተነሣችውን አክስት አውጥታ ስትጨፍር የተነሣችውን ታስገባለች። ለቲሸርትና ለማስታወቂያም በኮምፒዩተር ሥዕል ትሥላለች። ብሩክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ ጌም ይጫወታል። ከትምህርት ቤት እንደወጣ ጌም ቤት ይገባል፤ ፈልጌ ካላወጣሁት አይወጣም። አንድ ቀን በከዘራዬ ጫፍ ትከሻውን ነካ ሳደርገው ዘወር ሳይል፣ "ቆይ፣ ልሞት ነው" አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በጨዋታው መሆኑን ያስረዱኝ ሌሎቹ ልጆች ናቸው።

ጉዳዩ የተጀመረው በሠርግ ነው። አራዳ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ማኅሌትን ሊፈትናት የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ሰጣት። "ከቅበላ በኋላ ባለው ዓርብ ሸጋ አድርገሽ ካመጣሽልኝ ሥራው ያንቺ ነው። ካልሆነ ሌላ ልጅ አለችኝ" አላት። በዚያው ሰሞን አሮጌው ላፕቶፗ ሞተ። መጀመሪያ ተንፏቀቀ፣ ቀጥሎ እንደ ምጣድ ጋለ፣ ከዚያ ዓይኑ ጠፋ። ሁለት ጠጋኞች ዘንድ ተወስዶ ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቷ ልጅ ይህን ሰምታ ደወለች። "እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? እዚህ ስቱዲዮ ሞልቷል፤ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ፤ ነይ" አለቻት። በማግሥቱ ማኅሌት ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርዳ ስትጠርግ ደረስኩባት።

"ምነው?" አልኳት።

"አቧራ በዝቶበት ነው፣ እምዬ" አለች።

ይህን ያህል ዕድሜ ኖሬያለሁ። የማይሄድ ሰው ሻንጣ ሲጠርግ አይቼ አላውቅም።

እናቷን ለሥራ ብዬ ሸኝቻለሁ። ማኅሌትንም እሸኝ ዘንድ ጉልበት የለኝም። መካነ ብርሃን ያለው ወንድሜ ጋ የምትረባ አንዲት ጊደር ነበረችኝ፤ ላኩበትና አሸጥኳት። ገንዘቡ ሲመጣ ልብሴን በማስቀምጥባት የሠርጌ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩትና ልጆቹን ጠራኋቸው። "ኮምፒዩተር እንገዛለን። አንድ ነው የሚገዛው፤ ለሁለታችሁም ነው። አንቺ ሠርግሽን ትሠሪበታለሽ፤ አንተ ጌም ቤት መግባትህን ትተህ እዚሁ ትሞትበታለህ" አልኳቸው።

ብሩክ ዘለለ። "እምዬ፣ ሙሉውን አንገዛም! ዕቃ ዕቃውን ለየብቻ ገዝተን እኛው ብንገጣጥመው ይረክሳል።"

"እንዴት ለየብቻ?"

"በቃ እንደ በሬ አስቢው። ብልት ብልቱን።"

በሬ ባይል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ብልቶቹን አስቆጠርኳቸው። ፕሮሰሰር አንጎሉ ነው። ማዘርቦርድ አከርካሪው፣ ሁሉም የሚያያዝበት። ራም የሚባለው ሥራ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፤ ሰፊ ከሆነ ብዙ ይዘረጋበታል። ግራፊክስ ካርድ ሥዕሉን የሚያወጣው ነው። ፓወር ሰፕላይ መብራቱን የሚያድል ልብ ነው። ኬዝ ቆዳው ነው። ቀሪዎቹ ማከማቻው፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ማውዙ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

"ከገንዘቡ ግማሹ ለግራፊክስ ካርድ ይሁን" አለ ብሩክ።

"ግማሹ? ያምሃል!" አለች ማኅሌት። "ለእኔ ፕሮሰሰርና ራም ነው የሚያስፈልገኝ። ካርዱ ይቆያል።"

"አንቺ ሙሽራ ልትሠሪበት፣ እኔ ሰዓት ላይበት?"

"አንተ እኮ ለጨዋታ ነው!"

"ሠርግስ ጨዋታ አይደለም?"

አስቡት፤ አንድ ብልት የበሬውን ግማሽ ሊበላ። ከዘራዬን ወለሉ ላይ መታሁ። "በእኔ ቤት አንዱ ብልት የሌላውን ድርሻ አይበላም። ገንዘቡ በብልቶቹ ልክ ይመደባል። ለእያንዳንዱ ዕቃ እኩል። አንጎሉም እኩል፣ ቆዳውም እኩል፣ ማውዙም እኩል።"

ሁለቱም በአንድ አፍ፣ "እምዬ!" ብለው ጮኹ። እነዚህ ልጆች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም ፍርዴ ትክክል መሆኑን ያረጋገጥኩት በዚህ ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ካማረረ ዳኛው አላዳላም ማለት ነው። ቅርጫም ላይ እንዲሁ ነው የማውቀው።

አራዳ ወዳለ ኮምፒዩተር መሸጫ ሱቅ ሄድን፤ ባለቤቱ ጌታቸው የሚባል መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። "እማማ፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

"በሬ ልገዛ ነው የመጣሁት" አልኩት። ብሩክ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጌታቸው ግን ደህና ሰው ነው፤ ሳይስቅ ሰማኝ። ማኅሌት የምትሠራውን ነገረችው፤ ብሩክ የሚጫወተውን ነገረው። እኔም አመዳደቤን ነገርኩት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አጠለቀና እኔን አየኝ።

"እማማ፣ ምክር ልስጥዎት? ኬዙን ቀለል ያለ ያድርጉት። ኬዝ ሽፋን ነው። ኪቦርዱም ማውዙም ርካሽ ይበቃል። የተረፈውን ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ራሙ ያዙሩት፤ ልጆቹ ይጠቀማሉ።"

ነጋዴ "ርካሹን ይግዙኝ" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ ስለማላውቅ ወዲያው ጠረጠርኩ። ፕሮሰሰር ያሉትን አወጣና አሳየኝ፤ የብስኩት ቁራሽ የምታህል ስስ ነገር ናት። ኬዙ ደግሞ እዚያ ማዶ ቆሟል፤ የበግ ጠቦት ያህላል። ገባኝ! በብስኩቷ ብዙ ገንዘብ ሊበላ፣ በጠቦቱ ሊያዘናጋኝ ነው።

"ልጄ፣ እኔን በመጠን አታታልለኝም" አልኩት። "እኩል ነው ያልኩህ።"

"እማማ እኮ..."

"እኩል!"

ጌታቸው ልጆቹን አያቸው። ልጆቹ ወለሉን አዩ። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀና እኩል መመደብ ጀመረ።

በእኩል ድርሻ የተገኘውን ብታዩ! ኬዙ ፊቱ መስተዋት፣ ውስጡ ባለ መብራት ማራገቢያ፣ ከሱቁ ሁሉ አንደኛ። ኪቦርዱ እያንዳንዱ ፊደል ሥር መብራት አለው። ማውዙ በየጎኑ ቁልፍ የተደረደረበት፣ ምን እንደሚሠራ ጌታቸውም ያላወቀው። "ይህኛው ለምንድን ነው?" ስለው፣ "ይኖራል፣ እማማ" አለኝ። ፕሮሰሰሩ ግን በድርሻው የተገኘው ደካማው ነው። ራሙ አነስ ያለች ናት። ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ፣ ማራገቢያው ሲዞር የሚያስነጥስ ነው። ብሩክ ካርዱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ "ነፍስ ይማር" አለ።

እቤት ሁለቱ ተጋግዘው ገጣጠሙት። ሶኬቱ ሲሰካ ቤቱ በራ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ደግሞ ሰማያዊ፤ ግድግዳው ላይ እየተቀባበለ ይሮጣል። አያ ታደለ ከደጅ አይተውት ገቡ።

"ጥምቀት ተመልሶ መጣ እንዴ?" አሉ።

"ኮምፒዩተር ነው፣ አያ።"

"ታቦቱስ የት አለ?"

ማኅሌት ሠርጉን ከፈተች። ሙሽራዋ አዳራሹ ደጅ ደርሳ ከመኪና ልትወርድ አንድ እግሯን አነሣች። አነሣችና እዚያው ቀረች። ጫማዋ አየር ላይ፣ ሙሽራው እጁን ዘርግቶ፣ ሚዜዎቹ አፋቸውን ከፍተው። ጠበቅን። ምሳ በልተን ተመለስን፤ እግሯ አልወረደም።

"ኧረ ይቺ ልጅ ትደክማለች፤ ወንበር ስጧት" አሉ አያ ታደለ።

ማኅሌት ዘግታ እንደገና ከፈተችው። በዚህኛው ሙሽራዋ አልተነሣችም፤ ድምፁ ብቻ መጣ። እልልታው "እል" ይልና ያርፋል፤ ቆይቶ ደግሞ "እል" ይላል። ሰው በሠርግ ሳይሆን በመርዶ የተሰበሰበ መሰለ።

ብሩክ ተራው ደርሶ ጌሙን ከፈተ። ሰውየው ጠመንጃውን ይዞ ሊሮጥ ተነሣ፤ ሩጫው ግን በክረምት ደንቢያ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው ሆነ። አንዱን እግር ነቅሎ ሌላውን ሳይነቅል ጠላቶቹ ቀስ ብለው መጥተው፣ ተመካክረው ገደሉት።

እውነቱን ልናገርና ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ጉዳቱ በትክክል እኩል ነው። አንዱ ከሌላው በምንም አልበለጠ።

ማኅሌት ግን ኮምፒዩተሩን አጥፍታ ወጣች። በጓሮ በኩል ስልክ ስታወራ ሰማኋት። "ዓርብን ልይና እመጣለሁ" አለች። "አይ፣ አልተበሳጨሁባትም፤ ለእኔ ብላ ጊደሯን ሸጣ ነው።" ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ቅበላ ደረሰ። እሑድ ጠዋት በሬው ታርዶ፣ መደቡ ተደርድሮ፣ እኔም እንደ ልማዴ እየዞርኩ ነው። አያ ታደለ ቅልጥሙን አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄ ወዴት ይሁን?"

"ምን ይጠይቁኛል? ለአራሷ ነዋ!" አልኳቸው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ወልዳ ገና አልተነሣችም። በእኛ ቅርጫ አራስ ካለች ቅልጥሙ ከዕጣው በፊት ለእሷ ይወጣል፤ ባሏ አንድ መደብ ይኑረው፣ ግማሽ ይኑረው አይጠየቅም። ይህን ሥርዓት የማስከብረው እኔው ነኝ።

ብሩክ ኮባ ቅጠል ላይ ጉበት እየደረደረ ነበር። ቀና አለ። "እምዬ፣ ይሄ እኩል ነው?"

"ምኑ?"

"ቅልጥሙ። ለሁሉም መከፋፈል አልነበረበትም?"

"አራስ ናት እኮ! መረቁን ዛሬ መጠጣት አለባት። አንተ ለምንህ ነው ቅልጥም?"

ብሩክ እጁን በሣር ጠረገና ወደ አጥሩ ጥግ አመለከተ። የበሬው ቆዳ እዚያ ተጥሏል። ድሮ ቆዳ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ነጋዴው እንኳ ዞር ብሎ አያየውም፤ ውሻ እንዳይጎትተው ድንጋይ ጭነንበታል።

"ቆዳውስ? ምነው አልመደብሽውም?"

"ቆዳ ምን ሊረባ?"

"ታዲያ ለኮምፒዩተሩ ቆዳ የአንጎሉን ያህል የከፈልሽው ለምንድን ነው?"

አያ ታደለ ቢላቸውን እንደያዙ ሳቅ አፈናቸው። ቀጥሎ ሌላው ሳቀ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከመደቦቹ መካከል ወጣሁ። ዕጣውንም ሳልቆጣጠር ተጣለ፤ በኋላ እንደሰማሁት አንዱ መደብ ላይ ሁለት የኩላሊት ቁራጭ ነበረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ብሩክን ያዝኩት። "እሺ፣ ማኅሌት አራስ ናት ብለን እንያዝ። ቅልጥሙ ለእሷ ከሆነ ያንተ ጌም ምን ይሆናል?"

ከንፈሩን ነከሰ። ቀላል አልሆነለትም፤ አየሁት። "ይቆየኝ" አለ። "እሷ ከሄደች ብቻዬን ምን አደርግበታለሁ? ግን እምዬ፣ አራስ ይነሣል። ስትነሣ የኔ ተራ ነው።"

"ነው" አልኩት። እጅ ተማታን።

ሰኞ ጠዋት ኬዙን አራቁተን ባዶውን በጋቢ ጠቀለልኩት፤ ኪቦርዱን፣ ማውዙን፣ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን በዘንቢል ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በመስተዋት እያየኝ ቀስ ብሎ ይነዳል። ጥቂት ቆይቶ፣ "እማማ፣ ሐኪም ቤት ነው?" አለኝ። "አይ፣ ገበያ" ስለው ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

ጌታቸው ሲያየኝ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አሳየኝ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል።

"አንብቤዋለሁ፤ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ" አልኩት። "ልመልስ አልመጣሁም። ልሸጥ ነው የመጣሁት። አንተ መክረኸኝ አልሰማሁም፤ አንተ ላይ ቅሬታ የለኝም። ወንበር ብቻ ስጠኝ።"

ወንበር ሰጠኝ። በዚህም ተጸጸተ።

ከጌታቸው ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ኬዙን ከአጠገቡ ሶኬት አስክቼ አበራሁትና ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣው ተማሪ ነው። መብራቱን አይቶ ቀረበ። "እማማ፣ ይሸጣል?"

"ይሸጣል። ምን ልትሠራበት ነው?"

"ለትምህርት። ለፕሮጀክት።"

"ተወው" አልኩት። "ይሄ ቆዳ ነው። ሂድና አንጎሉን ግዛ።" ሄደ።

ቀጥላ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የምትገዛ ሴት መጣች። ጌታቸው ባለ መብራቱን ኪቦርድ ሲያሳያት፣ "እመቤት፣ እሱ ሲበራ ያምራል እንጂ ጽሑፉን አያፈጥንም፤ እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ" አልኳት። ርካሹን ገዝታ እየመረቀችኝ ወጣች። ጌታቸው መነጽሩን አወለቀ።

"እማማ፣ ሊሸጡ መጡ ወይስ ሊያስዘጉኝ?"

"እኔን ያሞኘኝን ነገር ለሌላ ሰው ሳልናገር ልሸጥለት ነው? እንዲህ ያለ ንግድ አላውቅም።"

"እርስዎን ያሞኘዎት ማን ነው?"

"እኔው ነኝ። ለዚህ ነው አጥብቄ የማስጠነቅቀው።"

እንዲህ እያልን እኩለ ቀን ሆነ። በመጨረሻ አንድ ደንዳና ወጣት ገባና ኬዙ ፊት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ደነገጠ። ባለ ጌም ቤቱ ነው! ያ ብሩክን ፈልጌ በከዘራ የምገባበት።

"እማማ፣ ምነው? ብሩክ እኮ ከሰሞኑ አልመጣም" አለ ገና ሳልጠይቀው።

"አውቃለሁ። ኬዙን ፈልገህ ነው? ስማኝ፣ ውስጡ ምንም የለውም። መብራት ብቻ ነው። ጌሙን አያፈጥነውም።"

"እኔ የምፈልገው መብራቱን ነው" አለ። "ውስጡ አለኝ። ልጆቹ በመብራቱ ነው የሚገቡት፤ በር ላይ አቆመዋለሁ።"

እንግዲህ ተናግሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል? ኬዙን ሸጥኩለት፤ ኪቦርዱንና ማውዙንም በላዩ። እነዚያን የማውዙን ቁልፎች ሲያይ ዓይኑ በራ። ጌታቸው ያንን ገንዘብ፣ ደካማውን ፕሮሰሰርና ያን የሚያስነጥስ ካርድ ተቀብሎ ሻል ያለ ፕሮሰሰርና ሰፊ ራም ሰጠኝ። አሮጌ ኪቦርድና ማውዝ መረቀልኝ። አዲሱ ፕሮሰሰር ያለ ካርድም ስክሪን ላይ ሥዕል ያወጣል አለኝ። ሒሳቡን ልፈትሽ ስል፣ "እማማ፣ በእግዜር፣ ትንሽ ጎድሎብኛል፤ ብቻ ይሂዱልኝ" አለኝ። ጎድሎበት እንዴት እሄዳለሁ? ከመቀነቴ ፈትቼ ሞላሁለት።

እቤት ስደርስ አንድ ነገር ታወሰን። ቆዳ የለንም። ማዘርቦርዱ ጠረጴዛ ላይ እንደተገፈፈ በግ ተጋድሟል። ማኅሌት በካርቶን እናድርገው አለች፤ ብሩክ እሳት ይይዛል አለ። ዙሪያዬን ሳይ ዓይኔ የሠርጌ ሣጥን ላይ ዐረፈ። ጠንካራ ዋንዛ ነው። ልብሴን አልጋው ላይ ዘረገፍኩት።

"እምዬ፣ ይሄ እኮ የሠርግሽ ነው!" አለች ማኅሌት።

"ታዲያ ውስጡ የሚሠራውስ ሠርግ አይደለም?"

አያ ታደለ ተጠርተው መጡ። ነፋስ እንዲገባ በቢላቸው ጎኖቹን ፈለፈሉት፤ ክዳኑን ነቀሉት። "በስተርጅና ቅርጫው እንጨት ላይ ወጣ" እያሉ ሲሠሩ ዋሉ። ብሩክ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አሰራቸው። ከዚያ ማኅሌት ሠርጉን ከፈተች።

ሙሽራዋ እግሯን አነሣች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። አያ ታደለ ቆባቸውን አወለቁ።

እግሯ ወረደ። ጫማዋ መሬት ነካ፣ ሙሽራው እጇን ያዘ፣ እልልታው ሳይቆረጥ ቀለጠ። እኔም ከዚህ ሆኜ በእልልታ ተቀበልኳቸው፤ ጎረቤት የተወለደ ልጅ አለ ብሎ መጣ።

ማኅሌት እስከ ሐሙስ ከሣጥኑ አጠገብ አልተነሣችም። ብሩክ ሻይ ያቀብላታል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ከእሷ ይልቅ እሱ ይጮኻል። ዓርብ ጠዋት ይዛው ወደ አራዳ ወረደች። እኔ ደጅ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ሻንጣ ላለማየት ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ስትመለስ ከሩቅ አካሄዷን አይቼ አወቅሁት። "ሰኞ ጀምሪ ብሎኛል!" አለችኝ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቃት፤ ሙሽራዋ ከመኪና የምትወርድበት ለምን እንዲህ ረዘመ ብሎ። "እሱን አያቴ ናት ያስረዘመችው፤ እግሯ ሲወርድ አይታ አልጠገበችም" ብላዋለች።

አሁን የእኛዋ አራስ ተነሥታለች። ብሩክ ተራውን ይጠይቀኛል፤ ልክ ነው፣ ቃሌ ነው። ጥሩ ካርድ እስኪገኝለት ሣጥኑ ውስጥ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ አያ ታደለ በልኩ ፈልፍለውለታል። ማኅሌትም ከመጀመሪያ ደመወዟ አንድ ነገር እንደምታደርግ በእኔ ፊት ቃል ገብታለች። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው።

በዚያው ሰሞን ማኅሌት ወደ ክፍሌ ብቅ ብላ፣ "እምዬ፣ ሻንጣዬ የት ሄደ?" አለችኝ።

ከአልጋዬ ሥር ሳብኩና ከፈትኩላት። ጥለት ቀሚሶቼ፣ ነጠላዎቼ፣ የበዓል ጋቢዬ፣ ሁሉም ተጣጥፈው እስከ ዚፑ ጢም ብለዋል።

"ይሄ እኮ የኔ ነው!" አለች።

"አንቺ ሣጥኔን ወሰድሽ፤ እኔ ሻንጣሽን ወሰድኩ" አልኳት፤ ዚፑን መልሼ ዘጋሁት። "እኩል ነው።"